ኒባራን ኩንዱ እና የአዋላጇ ጥራዝ

በሰሜን ኮልካታ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ አንደኛው ግድግዳ የሚልስበት አንድ ጠባብ መንገድ አለ። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እዚያ መጨረሻ ላይ ቆሟል። ቆሟል የምለው በአክብሮት ነው። ሕንፃው ጎረቤቱን የልብስ ሰፊውን ቤት ከተደገፈ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ጠንከር አድርጎ ቢያነጥስ ሁላችንም ከነመጻሕፍታችን መንገድ ላይ ነን። አባላቱ አርባ ያህል እንሆናለን። ከአርባው ሦስቱ ያነባሉ። የቀረነው የምንመጣው ለክርክር ነው። ስለ ኳስ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ መንግሥት በሸክላ ስኒ ሻይ እየጠጣን እንከራከራለን፤ ድምፃችን ሲያይል ከሦስቱ አንባቢዎች አንዱ ተነስቶ ይወጣል።

ከጀርባ፣ ድሮ ወጥ ቤት በነበረችው ክፍል ውስጥ ግን የሚሠራ ሰው ነበር። ኒባራን ኩንዱ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሮጌ ወረቀት ጠግኗል። ከሩቅ ሲያዩት ራሱ ኒባራን አንድ ሰው በታትኖ፣ አጥቦ፣ መልሶ የለጠፈው ይመስላል፤ አንገቱ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የታጠፈ፣ ቆዳው የቆየ ጋዜጣ የመሰለ። ሲስቅ አንድ ነገር እንዳይቀደድበት የሚፈራ ይመስል በግማሽ አፉ ነው።

የሚጠግነው ሦስት ቁምሳጥን ሙሉ ቀጫጭን ጥራዞችን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በእነዚሁ መንገዶች ውስጥ እየታተሙ በየገበያው በትሪ ይሸጡ የነበሩ ናቸው። ትልቁ ማዕበል በግጥም፤ ከባለ ርስቱ ሚስት ጋር የጠፋው መናኝ ታሪክ፤ ሽበት በሰባት ቀን የሚያጠቁር ቅባት አሠራር፤ አይጥ የማባረሪያ ጥበብ። ያሳተማቸው ሰው ከሳምንት በላይ ይኖራሉ ብሎ አላሰበም፤ ስለዚህ ከወረቀት ሁሉ ርካሹን መረጠ። እነሱ ግን እስከ ዛሬ ኖሩ፤ ኖረውም ኒባራንን በሥራ ገደሉት።

ወረቀቱ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ኒባራን ሉክ በሉክ ይፈታዋል፤ በብሩሽ አቧራውን ያራግፋል፤ በኖራ ውሃ ያጥበዋል፤ ከዚያ ከፉርኖ ዱቄት አቅጥኖ በቀቀለው ሙጫ፣ እንደ ሽንኩርት ገለፈት የሳሳ ወረቀት በጀርባው ይለብጥበታል። መጫኛ መሣሪያ የለውም። በመጫኛ ፋንታ የመሥራቹ ሊቀ መንበር ንግግሮች አሉ፣ በቆዳ የተጠረዙ አሥራ ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት። ከታተሙ ጀምሮ የከፈታቸው የለም፤ ለመጫን ግን በመላው ቤንጋል አቻ የላቸውም።

ጠላቶቹ ብዙ ናቸው። የዝናቡ ወራት እርጥበት አለ፤ ብል አለ። ብሎች ከአባሎቻችን ሁሉ ትጉዎቹ ናቸው፤ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም፣ የጀመሩትንም መጽሐፍ ሳይጨርሱ አይነሱም። ከብል የባሰው ግን ከኒባራን በፊት የነበረው ጠጋኝ ነው። ያ ሰውዬ የተቀደደውን ሁሉ በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፎ ጡረታ ወጣ። ፕላስተሩ ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆነ፣ ፊደሉን ይዞ ተላጠ። ኒባራን ከሠላሳ አንዱ ዓመት ሃያውን ያጠፋው የሞተ ሰው ፕላስተር በማንሳት ነው።

“ጥሩ ሙጫ ማለት ልቀቅ ሲሉት የሚለቅ ነው” ይለኝ ነበር፣ ብሩሹን እያለቀለቀ። “ከኔ በኋላ የሚመጣው ሰው በውሃ ፈትቶ የተሻለ ነገር ይሠራል።”

“ከአንተ በኋላ ማን ይመጣል ኒባራን ዳ?” እለዋለሁ፤ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የምጠራው።

“ብል” ይላል።

አምና ያለ ወቅቱ በጣለ ዝናብ ጣሪያው አፈሰሰና ከሦስተኛው ቁምሳጥን አንድ እሽግ ተነከረ። ከእሽጉ መሃል አንድ ጥራዝ ጡብ ሆኖ ወጣ። አሥራ ሁለት ሉኮች፣ ሃያ አራት ገጽ፣ ሁሉም አንድ ላይ የደረቁ። ሽፋኑ ላይ የሚነበበው የጸሐፊዋ ስም ብቻ ነበር፤ ኪሮዳ ዳሺ። በዚሁ ሰፈር የኖረች አዋላጅ ናት። ሴት ስሟን በወረቀት ላይ ማየት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ለሌሎች አዋላጆች ምክሯን አሳትማለች። በከተማው ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ተጠየቀ፤ ሌላ ቅጂ የለም። ኪሮዳ ዳሺ በዚህ ዓለም ላይ የቀራት ያ ጡብ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የኒባራን ሁለቱም ዓይኖች የዓይን ሞራ ጋረዳቸው። ሐኪሙ ይቀደድ አለ፤ ከዚያ በኋላም ደቃቅ ሥራ አይነካ አለ። ኒባራን ቀጠሮውን ገፋው።

“ይህቺን ልጨርስ” አለ። “ሌላ የሚጨርሳት የለም። ከዚህ በኋላ ዓይኖቼ ለሚስቴ ናቸው፣ ከሩዝ ውስጥ ጠጠር እለቅምላታለሁ።”

አሥራ አንድ ወር ፈጀበት። ወገቡ በዚያ ወንበር ቅርጽ ደረቀ። ክፍሉ ስገባ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት የጥፍር ታህል ቁራጭ ይዞ፣ ቦታዋን ሲፈልግላት አገኘዋለሁ። አንዷን ቁራጭ ቦታዋ እስኪያስገባ እኔ ሁለት ስኒ ሻይ እጠጣለሁ፣ እንደራሴዎቹን ሁሉ ሰድቤ እጨርሳለሁ፣ ደኅና ዋል ብዬ እወጣለሁ፤ ቁራጯ አሁንም በመርፌው ጫፍ ላይ ናት። ለሳራስዋቲ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በወሩም መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ፣ ብሩሹን አስቀመጠና “አለቀ” አለ።

“ደስ አላለህም እንዴ?”

“ደስታው ሰኞ ይመጣ ይሆናል” አለ። “ዛሬ ያለው ወገቤ ነው።”

ታዲያ የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊ ፕራንጎፓል ባቡ መጣ፤ ባቡ በእኛ ዘንድ እንደ አቶ ነው። ፕራንጎፓል ባቡ ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሲኖር አንድም ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ተኝቶም ቃለ ጉባኤ ያነባል ይባላል። ሰውነቱ ሰፊ፣ ልቡ ደግ፣ ካባው ረጅም ነው። ጥራዙን በሁለት እጁ አንስቶ አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

“ዘንድሮ ከእናታችን እግር ስር የምናስቀምጠው ተገኘ!” አለ።

በሳራስዋቲ በዓል፣ የእውቀት እናት በምትመለክበት ቀን፣ እያንዳንዱ ቤት መጻሕፍቱንና ብዕሩን ከምስሏ እግር ስር ያኖራል። ከዚያች ጠዋት አንስቶ እስከ ማግስቱ ጸሎት ድረስ ማንበብም መጻፍም ክልክል ነው፤ እግሯ ስር ያለውን መጽሐፍ መንካትማ አይታሰብም። ተማሪዎች ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ይህን አብልጠው የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ኒባራን ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። በዚያ ቀን የአውቶቡሱን ቁጥር እንኳ አያነብም፤ ሰው ይጠይቃል። አንድ ዓመት ተጠያቂው ተሳስቶበት ከወንዙ ማዶ ሃውራ ድረስ ሄዶ ተመልሷል።

“የስልክ ማውጫውን አስቀምጡላት” አለ ኒባራን።

“የስልክ ማውጫ! እናታችን ለማን ልትደውል ነው?”

“እንግዲያው የሊቀ መንበሩን ንግግሮች። ክብደትም አላቸው።”

“ኒባራን ባቡ፣ እሷ እኮ የምታነብ ናት!”

“ፕራንጎፓል ባቡ፣ ይህ ወረቀት ገና ጨቅላ ነው። አበባ ይወረወራል፣ ውሃ ይረጫል። በሣጥኑ ይቀመጥ እሺ፤ ሣጥን ሠርቼለታለሁ።”

“ሙሽራ ሻንጣ ውስጥ ተዘግቶባት ነው የምትታየው? ሰዉ ይይ እንጂ! አሥራ አንድ ወር የደከሙት ለምንድን ነው?”

“ለመድከም ይመስለኛል” አለ ኒባራን። ከዚያ በላይ አልተከራከረም። የደከመ ሰው እሺ የሚለው ስለተስማማ ሳይሆን እምቢ ማለት ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው። ጥራዙን ከትቶ ሣጥኑን ራሱ አሰረ፣ ቋጠሮውን ደግሞ ጠበቅ አደረገው።

በበዓሉ ጠዋት ስደርስ አዳራሹ በቢጫ ልብስ ተሞልቷል። ሴቶቹ ቢጫ፣ ሕፃናቱ ቢጫ፣ አበባው ቢጫ፤ ከኋላ በትልቅ ድስት የሚበስለው ሩዝና ምስርም ቢጫ። ነጭ የለበሰችው የእናታችን ምስል ብቻ ናት፣ ከነዝይዋና ከነክራሯ፣ መድረኳ ላይ ተቀምጣ። ከእግሯ ስር የልጆች የሒሳብ መጻሕፍት ተቆልለዋል፤ በተለይ ሒሳብ የከበደው ልጅ ሁሉ የሒሳቡን ከላይ አድርጓል። ከፊት ለፊቱ፣ ለብቻው፣ የተወለወለ የናስ ትሪ። በትሪው ላይ የኪሮዳ ዳሺ ጥራዝ፣ ራቁቱን።

ኒባራን አየው። ፕራንጎፓል ባቡን አየው።

“ሣጥኑ ከካባዬ ጋር በቀለም አልሄደም” አለ ፕራንጎፓል ባቡ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየ።

አሁን መንካት አይቻልም። ካህኑ ጀምሯል። ካህናችን ሃሪፓዳ በዚያ ቀን ከከተማው ከንቲባ የበለጠ ተፈላጊ ሰው ነው፤ ጸሎት የሚጠብቁ ዘጠኝ ቤቶች ከየመንገዱ ሰው ልከው፣ በሩ ላይ ሦስት ጎረምሶች እጅጌውን ለመያዝ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ስለዚህ ጸሎቱን የሚለው እንደ ባቡር ነው፤ እኛም እየሮጥን እንከተለዋለን። አበባ ወረወርን። ኒባራን የራሱን አበባ ወደ ግራ ወረወረ፣ ከትሪው ራቅ አድርጎ፤ ሰው ሁሉ እንደሱ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ ፕራንጎፓል ባቡ፣ በጸሐፊነቱ፣ ለመስገድ ቀረበ። ከመስገዱ በፊት ለፎቶ ዞር አለ። ከፎቶው በኋላ ሲሰግድ ካባው፣ አፉ ላይ ኮኮናት የተቀመጠበትን የተቀደሰ ውሃ ማሰሮ አቀፈ። ሲነሳ ማሰሮው አብሮ ተነሳ። ኮኮናቱ ተንከባሎ የአንዲት አሮጊት እግር ስር ቆመ፤ ውሃው፣ ከጎኑ የነበረውን የወተት፣ የእርጎና የማር ሳህን ይዞ፣ በሙሉ ወደ ናሱ ትሪ ገባ። ትሪው ጥሩ ትሪ ነው፤ ጠርዙ ከፍ ያለ ነው። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

“ኧረ!” አለ ኒባራን፤ እጁን ዘረጋ።

“እንዳትነካ!” አለ ግማሹ አዳራሽ።

ይህ የእኛ ቤተ መጻሕፍት ነው። እሳት ቢነሳ እንኳ በመጀመሪያ እሳት ስለ መሆኑ እንከራከራለን።

“የተከለከለው ማንበብ ነው” አለ ጡረታ የወጣው ጠበቃ። “መንካት ከማንበብ ጋር በአንድ አንቀጽ አይገባም።”

“ጠግኖ ማስቀመጥስ? ጥገና ከመጻፍ ይቆጠራል!” አለ የጂኦግራፊ አስተማሪው።

“እርጥብ መጽሐፍ መጽሐፍ ነው ወይ ብለን እንጠይቅ መጀመሪያ።”

“ካህኑ ይፍረዱ!”

ካህኑ አንድ እግሩ በሩ ላይ ነበር። “መንካት… በመሠረቱ… ነገ ጠዋት…” አለ፤ ጎረምሶቹ እጅጌውን ሲጎትቱ ሌላው ቃል ጠፋ።

እንዲህ ስንነታረክ ወረቀቱ ይጠጣ ነበር። ኒባራን ብቻ ነው ወደ ትሪው ያየው። ሙጫው ልቀቅ ሲሉት የሚለቅ ጥሩ ሙጫ ነው፤ አሁን ልቀቅ ተብሏል። የሳሳው ልባስ ከጠርዙ እየተነሳ መንሳፈፍ ጀመረ።

“በፕላስተር ቢሆን ኖሮ እኮ…” ብሎ ጀመረ ፕራንጎፓል ባቡ፤ የኒባራንን ፊት ሲያይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ተወ።

ኒባራን መነጽሩን አወለቀ። እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ነው፤ ያለ እሱ ሰውና በር አይለይም። ወደ እኔ ዘረጋው።

“ያዝልኝ። አሁን ላንብብ ብል እንኳ አልችልም።”

ከዚያ ወደ መድረኩ ቀርቦ የእናቲቱን እግር በጣቱ ነካ፣ ግንባሩን ነካ፣ “ልጅሽ ነኝ፣ አላየሁም” አለ፣ ትሪውንም በሁለት እጁ አነሳ። ካህኑ ከመንገዱ፣ ተጎትቶ እየሄደ፣ “ዕውር ሰው ትሪ ተሸከመ፤ ምን ኃጢአት አለው!” ብሎ ጮኸ፤ ተሰወረም።

ተከትዬው ወደ ክፍሉ ገባሁ። በሩን ግጥም አድርጎ ዘጋው።

“አንተ ግን ታያለህ” አለኝ።

“አያለሁ።”

“እንግዲያው ወደ መስኮቱ ዙር። ወረቀት ስልህ ውሃ መምጠጫውን ወረቀት ወደ ኋላ ታቀብለኛለህ። አንዲት ፊደል ብታይ ኃጢአቱ የሁለታችንም ነው።”

ስለዚህ በዓለም ላይ ያለው አንዱ ቅጂ የዳነው፣ ማየት በማይችል ሰውና የልብስ ሰፊውን ግድግዳ በሚያይ ሰው ነው። ከኋላዬ የሚሰማኝ የውሃ ጠብታና የኒባራን ትንፋሽ ነው። ጣቶቹ በላስቲክ አንሶላ ላይ ሲዳብሱ ይሰማሉ። “ወረቀት” ይላል፤ አቀብላለሁ። “አንድ” ይላል። “ወረቀት። ሁለት።” ማሩ አስቸገረው፤ ጣቱ ላይ እየተለጠፈ ሉኩን ያስጨንቃል፤ በለብታ ውሃ አጠበው። ከአዳራሹ የሩዙና የምስሩ ሽታ መጣ፤ ሁለታችንም ከጠዋት ጀምሮ አልበላንም። ማንም አላንኳኳም። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

“አሥራ አንድ” አለ በመጨረሻ።

“አሥራ ሁለትስ?”

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

“ገንፎ ሆነ” አለ ቀስ ብሎ። “ዘጠነኛው ሉክ ነው። ድሮም ከወረቀቱ ቀዳዳው ይበዛ ነበር። ሦስት ወር የወሰደብኝ እሱ ነው።”

ልዞር ስል “አትዙር” አለኝ። እጁን ሲታጠብ ቆየ፤ ለረጅም ጊዜ።

በማግስቱ ጠዋት ሸምበቆ ብዕር በወተት እየነከርን በቅጠል ላይ የእናቲቱን ስም ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፍን። ጸሎቱ አለቀ፤ ንባብ ተፈቀደ። ልጆቹ የሒሳብ መጽሐፋቸውን ሲያነሱ ያዘኑትን ያህል የቀብር ሰው አያዝንም። ኒባራን መነጽሩን ተቀብሎኝ አሥራ አንዱን ሉክ አንድ በአንድ መረመረ። እርቃናቸውን ነበሩ፣ ልባሳቸው ወልቆ፤ ወተቱ ዳር ዳሩን አወይቦታል፤ ግን ሙሉ ነበሩ፣ ፊደሉም አልተነካም። እያንዳንዱን በአቃፊ ውስጥ አኖረው።

ፕራንጎፓል ባቡ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ያለ ካባው። “መልሰው ይለብጡታል፣ አይደል? ኮሚቴው ሌላ አንድ ዓመት…”

“አይ” አለ ኒባራን። በቁጣ አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። “በአቃፊ ይቆዩ። አብቅቷል።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አንብብልኝ እስቲ።”

“ምኑን?”

“ይህንን። ምን እንደሚል ልስማ።”

“አሥራ አንድ ወር አፍንጫህን ተክለህበት ምን እንደሚል አታውቅም?”

“ካነበብኩ እጄ ይቆማል። ቃሉን ካየሁ ቀዳዳው ያመልጠኛል። ዘጠኝ መቶ ያህል ጥራዝ ጠግኛለሁ፤ አንዱንም አላነበብኩም።” እንዲህ ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ተደገፈ። ፕራንጎፓል ባቡም ሳይጠራ ገብቶ በሊቀ መንበሩ ንግግሮች ላይ ተቀመጠ።

አነበብኩ። ኪሮዳ ዳሺ የምትጽፈው በጆሮ እንደሚነገር አድርጋ ነው። “እህቴ ሆይ፣ ወደ ምጥ ቤት ስትጠሪ በመጀመሪያ የባልየውን እናት ከክፍሉ አስወጪ። አልወጣም ካለች ውሃ እንድታፈላ ላኪያት። ውሃው ሲፈላ ሌላ ውሃ እንድታፈላ ላኪያት።” ኒባራን በግማሽ አፉ ሳቀ። ስለ ንጹሕ ክር ጻፈች፤ ስለሚዋሹ ባሎች፤ ስለማይጮኹ ሴቶችና ከሚጮኹት ይልቅ ለምን እንደሚያስፈሩ ጻፈች። አሥራ ስድስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፤ “አሁን ሁላችሁም የምትፈሩትን ልንገራችሁ። ልጁ በእግሩ ሲመጣ አርባ ሦስት ጊዜ ገጥሞኛል፤ የሞቱብኝ ሁለት ናቸው። ምን እንደማደርግ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ…”

ሉኩን ገለበጥኩ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ። “…ከዚያ በኋላ እጅሽን ታጠቢና ቁጭ በይ። ሁሉም ልጁን ለማየት ይሮጣል፤ ቁጭ በይ የሚልሽ የለም። አንቺ ግን ቁጭ በይ።”

“መጀመሪያ ምን?” አለ ፕራንጎፓል ባቡ።

ዘጠነኛው ሉክ ገጽ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ነው።

“ኒባራን ባቡ! እርስዎ አይተውታል እኮ! በዓለም ላይ ያየው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት! ሦስት ወር! መጀመሪያ ምን አደረገች?”

ኒባራን ለረጅም ጊዜ እጆቹን አየ። ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ትላንት ውሃው ሲገባ እንኳ እንዲህ አልሆነም።

“አላነበብኩትም” አለ።

ማሰሮውን የደፋው ካባ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፕራንጎፓል ባቡም ያውቃል። አንገቱን ደፋ፣ ትልቁ ሰውነቱ በአሥራ ሁለቱ ንግግሮች ላይ አነሰ። “ማሰሮው…” አለ። “እኔ ነኝ…”

“ሰባት ቀዳዳ ነበረው” አለ ኒባራን፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

“ምን?”

“በፊት ለፊቱ ሰባት። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ትልቁ፣ ባቄላ የመሰለ። ቁራጮቹን ቦታቸው ለማስገባት ዳር ዳራቸውን መግጠም ነበረብኝ። ዳሩ ላይ ያለውን አውቃለሁ። መሃሉን ነው የማላውቀው።” ዓይኑን ገለጠ። “ወረቀት ስጠኝ። መስመር የሌለው።”

እርሳስ አነሳ። ቃል አልጻፈም። በመጀመሪያ የገጹን ቅርጽ ሣለ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹን፣ ሰባቱንም፣ እያንዳንዱን በየቦታው፣ የብሎቹን መንገድ ሳይቀር። የልጁን ፊት የሚሥል አባት እንዲህ አይጠነቀቅም። ከዚያ በየቀዳዳው ዳር፣ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ ያስታወሳቸውን ቅርጾች እንደ ሥዕል አኖረ። እየሣለ አንድም ጊዜ ጮክ ብሎ አላነበበም። እኔ ከትከሻው በላይ ሆኜ ነበር የማነብበው። ከባቄላው በስተግራ “እጅሽን”። ከበታቹ፣ ጠጠር ከመሰለው ቀዳዳ አጠገብ፣ “አትጎትቺ”። ከዚያ ሁለት መስመር ባዶ። “ሞቅ ያለ”፤ ምኑ እንደሆነ የለም። “እስከ ትከሻው”። ከታች ጥግ፣ ብሉ ሊወጣ ሲል በቀየሰበት፣ “ጠብቂ”። በገጹ ጀርባ ቀዳዳዎቹ ያው ስለሆኑ ገልብጦ ሣላቸው፤ በዙሪያቸው አራት ቃል ብቻ አገኘ፤ አንዱ “ጠብቂ” እንደገና ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ፕራንጎፓል ባቡ ሻይ ራሱ አምጥቶ ራሱ ስኒውን አነሳ። ሦስቱ አንባቢዎችና ጡረተኛው ጠበቃ መጥተው በሩ ላይ ቆመው አዩ።

“ሌላስ?” አልኩት።

“ሌላ ቀዳዳ አልነበረውም” አለ ኒባራን። “ሙሉ በነበረበት ቦታ ምንም አላየሁም።”

ከወረቀቱ ግርጌ አንዲት መስመር ጻፈ፤ “ይህን ሉክ ያየው እንጂ ያላነበበው ሰው ከትዝታው ሣለው።” ፕራንጎፓል ባቡ “ታዋቂው ጠጋኝ” የሚል ይጨመር ብሎ በለሆሳስ ጠየቀ። ኒባራን በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ፣ ሥዕሉን በስምንተኛውና በአሥረኛው ሉክ መካከል አኖረ፣ አቃፊውን ዘጋ። ከዚያ መነጽሩን ከአቃፊው አጠገብ አስቀምጦ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እኛም ስንከራከር እንዳንቀሰቅሰው ሦስታችንም ወደ መንገዱ ወጣን፣ እኔ፣ ፕራንጎፓል ባቡና ጠበቃው፤ እዚያም ቢሆን ማንም መጀመሪያ የሚናገር አልተገኘም።